ያልሰረዝኳቸው አራት መስመሮች

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ጎበዝ ነህ» ይለኛል። ጎበዝ አይደለሁም። ማንበብና መጻፍ በቻልኩ በመንፈቁ አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው አስወጥቻለሁ። በዱላ አላስወጣኋቸውም፣ በጠመንጃም አላስወጣኋቸውም፤ በእስክሪብቶ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት መጻፍ አቅቶኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ በደንብ ጽፌ ያደረስኩትን ስለማውቅ ነው።

ቤቱ ሐይቁ ዳር ነበር። ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ከውጭ ላለ ሰው የሚታየው ረጅም አጥር፣ ዘበኛና ዛፍ ብቻ ስለነበር ሕዝቡ ውስጡን በወሬ ወርቅ ያለብሰው ነበር። ወርቅ የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ሲበረታ ጣሪያው ያፈሳል፤ የጉሬዛ መንጋ ቆርቆሮው ላይ ሲሮጥ ውስጥ ያለ ሰው እርስ በርሱ አይደማመጥም። ንጉሡ ሲያርፉበት ኖረዋል። እሳቸው ከወረዱ በኋላ ሊቀ መንበሩ ያርፍበት ጀመር። በዓመት ሁለቴ፣ ሲበዛ ሦስቴ ይመጣል፤ አራት አምስት ቀን ይሰነብትና ይሄዳል። የቀረውን ዓመት እኛ ሃያ የምንሆን ሠራተኞች ማንም የማይተኛበትን አልጋና ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር ስንጠብቅ እንውላለን።

እኔ አትክልተኛ ነበርኩ። የቱላ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚነገረው ሲዳምኛ ነው፣ አማርኛ የለመድኩት እዚያው ግቢ ሣር ሳጭድ ነው። መጀመሪያ የለመድኩትም ስድቡን ነው። ተሳዳቢው እኒያ ሽማግሌ ነበሩ።

ሽማግሌው አሳላፊ ናቸው፤ የባለቤቱን ማዕድ የሚያቀርቡና የሚያነሱ። ገና ጢም ሳያበቅሉ ከሸዋ መጥተው የንጉሡ ቤት አሽከር ሆኑ፤ የሐይቁ ዳር ቤት ሲሠራ ደግሞ ከዕቃው ጋር አብረው ተላኩ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንዲት አልጋና አንድ ሳጥን የምትይዝ ክፍል ነበረቻቸው፤ በዚህ ምድር ላይ የእኔ የሚሉት ቦታ እሷ ብቻ ነበረች። ማዕድ ሲያቀርቡ የሚያጠልቁት ነጭ ጓንት ከመታጠብ ብዛት ቢጫ ሆኗል።

አብዮቱ ማዕረጋቸውን ወሰደ። ሥራቸውን ግን ሊወስድ አልቻለም፤ የቤቱን ወግ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረማ። አዲሶቹ ሰዎች ንጉሡን ጠሉ እንጂ ወጉን አልጠሉም። ሊቀ መንበሩ ሲመጣ ለንጉሡ ይደረግ የነበረው ሁሉ እንዲደረግለት ይፈልጋሉ፤ ለንጉሡ ይደረግ የነበረ ነው እንዲባል ግን አይፈልጉም።

ወጉ ብዙ ነበር። አንሶላው ሰው ተኛበትም አልተኛበትም በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። የመኝታ ቤቱ የሐይቅ መስኮት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይከፈታል፣ ፀሐይ ውኃውን ስትነካ ይዘጋል። ዓሣ ሲቀርብ ራሱ ወደ በሩ ይዞራል እንጂ ወደ ባለቤቱ አይዞርም። የእነዚህን ምክንያት ጠይቄ አላውቅም፤ ብጠይቅም የሚመልሱልኝ አይመስለኝም። ከሁሉም ግን ሰሃኑ ይበልጣል። በየቀኑ ቀትር ላይ ጠረጴዛው ራስ የባለቤቱ ሰሃን ይቀመጣል። ባለቤቱ ይመጣል ከተባለ ሰሃኑ ቀና ይላል። ባለቤቱ ሌላ አገር ከሆነ ይገለበጣል። የተገለበጠ ሰሃን «ጌታው ውጭ ናቸው፣ ይመለሳሉ» ማለት ነው። ጨርሶ የሚነሳው ባለቤቱ ሞቶ ወገኑ ሲቀብረው ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው በመስኮት ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አበባ ይዤ እገባለሁ። ሽማግሌው በሩ ላይ ይጠብቁኛል።

«ባለ ዶማ! እግርህን!»

«ታጥቤያለሁ አባባ።»

«የታጠብከው ጫማህን ነው። አውልቅ።»

አወልቃለሁ። ቧንቧው ጋ ሄጄ እሳቸው እያዩ እግሬን እስከ ጉልበቴ እታጠባለሁ። ወጥ ቤቷ ከመስኮቷ ብቅ ብላ «ጠዋት ሚስትህ እንዲህ ብታጥብህ ኖሮ እዚህ ባልደከምክ!» እያለች ትስቃለች። ስምንት ዓመት እንዲህ ታጠብኩ። ይህን የማነሳው ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ኋላ ለሠራሁት ነገር ድርሻ ስላለው ነው።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ግቢው ውስጥ ሾላው ሥር ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለልን። ያስተማረችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ «ጋሼ፣ እንደገና ይሞክሩት» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ከሁሉ የምትወደው የቃል ጽሕፈት ነው። እሷ ታነባለች፣ እኛ እንጽፋለን። አንድ ቃል የጣለ ይታረማል፤ የሰረዘና የደለዘ ገጹን እንዳለ መልሶ ይጽፋል። «ስርዝ ድልዝ አላይም!» ትላለች። እኔ ደብተር ላይ ግን ከስርዝ ድልዝ ሌላ አይታ አታውቅም። እጄ ዶማ የለመደ ነው፤ እስክሪብቶ ሲይዝ ወረቀት ይበሳ ነበር።

ሽማግሌው በአጠገባችን ያልፋሉ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል፣ ማንበብ ያውቃሉ፤ መጻፍ ግን አያውቁም። በእሳቸው ጊዜ መጻፍ የሌላ ሰው ሥራ ነበር።

«ፊደሉን ያዝከው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ይዣለሁ አባባ።»

«በል እንግዲህ ለእግርህም አስተምረው።»

ሾላው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። መምህሯም ሳቀች። የእሷ ሳቅ ነው የቆረጠኝ።

የምስክር ወረቀቴን ከያዝኩ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ የቤት ኃላፊ ከአዲስ አበባ ተላከ፤ ገና ወጣት፣ ካድሬ፣ ሲቆም እንኳ የሚቸኩል ሰው። ከወዳጅ አገሮች እንግዶች ይመጣሉና የቤቱ ታሪክና ወግ ተጽፎ ይቀመጥ አለ። የግቢው ጸሐፊ ግንባር ዘምቶ ነበር።

«ከእናንተ በመሠረተ ትምህርት ተመርቆ የወጣ ማነው?»

ወጥ ቤቷ በአገጯ እኔን አሳየችው።

«በቃ! የቤቱን ታሪክ ሠርቶ አደሩ ራሱ ይጽፈዋል! ሽማግሌው ይናገሩ፣ አንተ ጻፍ። አንድ ሳምንት አላችሁ።»

ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጠኝ። ቅጠል እንዳይገነጠልበት እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም አለበት። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን፤ እሳቸው በወንበር፣ እኔም በወንበር። ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ እጄ እስኪደርስባቸው ይጠብቃሉ። ቤቱ ሲሠራ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ሐይቁ ሞልቶ እስከ ጽጌረዳው የደረሰ ዓመት፣ ጉማሬ አጥር ጥሶ ገብቶ ዘበኛውን ዛፍ ላይ ያሳደረ ጊዜ፣ ንጉሡ የማይወዱት ወጥ፣ ሊቀ መንበሩ የማይወደው ትራስ። በሁለተኛው ቀን «እግርህን» ማለት ተዉ። በአራተኛው ቀን ሻይ አመጡልኝ፤ ጓንታቸውን አጥልቀው ነው ያመጡልኝ። ለእኔ! ምን እንደምል ጠፍቶኝ «ስኳር በዝቷል» አልኳቸው።

«ጻፍክ?» ይላሉ በየመሀሉ።

«ጻፍኩ።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን አባባ።»

በስድስተኛው ቀን ስለ ሰሃኑ ነገሩኝ። የሚገለበጥበትን፣ የሚነሳበትን፣ ቅድም የጻፍኩትን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ቀጠሉ። እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲናገር መጻፍ። ጻፍኩ።

«የንጉሡ ሰሃን እስከ ዛሬ አልተነሳም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ፣ ተገልብጦ አለ። ሞቱ አሉን እንጂ እዚህ ጋ ተቀበሩ ያለን የለም። አቧራውን በየቀኑ እጠርገዋለሁ።»

አራት መስመር ሞላ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው የአራቱን መስመር ክብደት ያውቀዋል። የንጉሡን መቃብር የት ነው ብሎ መጠየቅ የራስን መቃብር መቆፈር ነበር።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። ስጨርስ ቀና ብዬ ሳይ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እሱንም ጻፍከው?»

«የተናገሩትን ነው የጻፍኩት።»

«እሱን የነገርኩት ላንተ ነው፣ ለደብተሩ አይደለም።»

ይህ በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። እስክሪብቶ የያዘን ሰው እንደ ሰው ያወሩታል ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ እሳቸው፣ እኔን።

«ሰርዘው የኔ ልጅ» አሉ። የኔ ልጅ ብለውኝ አያውቁም።

«እሺ አባባ።»

«ነገ የመጨረሻውን እነግርሃለሁ። ጌታ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ የሚደረገውን ወግ። እሱ ብቻ ነው የቀረን።» ተነሱና መስኮቱን ሊከፍቱ ገቡ፤ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ገጹን አየሁት። ከላይ እስከ ታች አንድ ስርዝ የለበትም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ እኩል፣ ማኅተሙ እንኳ ያማረበት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ገጽ ጽፌ አላውቅም። ለመምህሯ ላሳያት አስቤ ነበር። አራቱን መስመር ብሰርዝ ገጹ በሙሉ ይጨማለቃል፤ ቀድጄ እንዳልጥለው ማኅተም አለበት። ነገ እሰርዘዋለሁ አልኩ። መጀመሪያ እሷ ትየው። ደብተሩን ከደንኩት።

እውነቱ ይኸው ነው። ለብዙ ዓመት ለራሴ «አላዋቂነት ነው» ስለው ኖርኩ። ግማሹ አላዋቂነት ነው። ግማሹ ቧንቧው ነው። እኒያ ሰው አንድ ቀን እኔን ለምነው ሲገቡ ከኋላቸው ስመለከት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው እንዲያድርልኝ ፈለግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካድሬው ሳይታሰብ መጣ።

«ሳምንቱ አላለቀም ጓድ» አልኩት።

«እስካሁን ያለውን ልየው።»

የሚሰረዝ አለ ልለው እችል ነበር። ቀለም ደፋሁበት ልለው እችል ነበር። ሰጠሁት። ቆሞ ያገላብጣል፣ ይስቃል፤ «ጓድ፣ ጽሕፈትህ የእኔን ይበልጣል!» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አንዲት ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ የትኛዋ እንደሆነች ሳላያት አወቅሁ።

ሠራተኛው ሁሉ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ካድሬው ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ሰሃኑን አወጣና እንደተገለበጠ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ነጭ ሰሃን ነው፤ ጠርዙ ጥፍር ታህል ተፈልጧል። ሽማግሌው በሩ አጠገብ በሥራ ቦታቸው ቆመዋል።

«አንብብ» አለኝ ካድሬው።

አነበብኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ሾላው ሥር የሳቁብኝ ሁሉ እያዳመጡ ነበር፤ ድምፄ ጥሩ ወጣ። በመሀሉ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አንብቤ ጨርሼ ቀና ስል የሽማግሌው ዓይን ሰሃኑ ላይ እንጂ እኔ ላይ አልነበረም።

«የማን ሰሃን ነው?» አላቸው ካድሬው።

«የቤቱ ነው።»

«ቤቱስ የማን ነው?»

ወጥ ቤቷ ከኋላዬ «አሁን ደግሞ ሰሃን አድኃሪ ሆነ?» ብላ አጉረመረመች።

«ምን አልሽ?»

«ሰሃኑ ይታጠብ ወይ ነው ያልኩት ጓድ።»

ማንም አልሳቀም። ካድሬው ስለ አብዮቱ ጠላቶች ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ፣ ዕድሜያቸውን አይቶ እንደራራላቸው፣ ስለዚህ እንደማያሳስራቸው፣ እስከ ነገ ቀትር ግን ክፍላቸውን አስረክበው ግቢውን እንዲለቁ ነገራቸው። ሁላችንም እንድናጨበጭብ ተደረገ። አጨበጨብን።

በማግስቱ ሳጥናቸውንና ጥቅልል ፍራሻቸውን ይዘው ወጡ። ሳጥኑን ልቀበላቸው ሄድኩ።

«ተወው» አሉኝ። «ይልቅ መስኮቱን በአሥር ሰዓት ክፈት።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እንደ ልማዳቸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ተዘጋ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ካድሬው የቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። ወጉን የጻፈው አንተ ነህ፣ ወጉን የምታውቀው አንተ ነህ አለኝ። አትክልተኛው አሳላፊ ሆነ። የንጉሡን ሰሃን ደግሞ «ሰሃን ሰሃን ነው፣ አንተ ብላበት» አለ። ሽሮዬን በላሁበት። ብዙ ቀን በላሁበት። ክረምት ላይ ከእጄ ሾልኮ ቧንቧው ሥር ወድቆ ተሰበረ። ስብርባሪውን ጽጌረዳው ሥር ቀበርኩት። ለመምህሯ ገጹን አሳይቻት አላውቅም።

ሽማግሌውን እንደገና ያየኋቸው ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። አዲስ ከተማ ሰፈር ከአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ጓሮ ክፍል ተከራይተው ነበር፤ የሱቁ ባለቤት ሙስሊም ነጋዴ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበር ያወጣላቸዋል። እኔ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው።

«ኧረ አሳላፊው!» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በአረማመዴ ነው ያወቁኝ። «ሣሩን ማን ያጭደዋል?»

«ሌላ ሰው ተቀጥሯል አባባ።»

«እግሩን ታሳጥበዋለህ?»

«አላሳጥበውም።»

«እንግዲያ ወለሉ ተበላሽቷል በለኛ።» ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ሰሃኑስ?»

«እንዳለ አለ።»

«ተገልብጦ?»

«ተገልብጦ።»

አምነውኝ ይሁን አዝነውልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። «የተፈለጠችው ጠርዝ ወደ ሐይቁ ትዙር» አሉኝ።

«እሺ አባባ።»

«ደብተሩን ይዘህ ና አንድ ቀን። የመጨረሻውን ሳልነግርህ ነው የወጣሁት። ሳይጻፍ ቢቀር ጥሩ አይደለም።»

«እሺ።»

ሳሙናውን ረስቼው ወጣሁ። በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ እሺ አልኳቸው፤ ሦስቱም ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሱቅ በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር። እግሬ ዛለ፣ ሥራ በዛ፣ ከፋሲካ በኋላ እያልኩ ሁለት ፋሲካ አሳለፍኩ። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ሽንኩርት እየላጠች «ሰውዬው እኮ ሞቱ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ባለ ሱቁና ሰፈርተኛው ናቸው የቀበሯቸው። አንተ አልሰማህም?» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ በሽንኩርቱ ቀልቷል። «አትሰማማ። በየት በኩል እያለፍክ ትሰማለህ?»

ዓመታት አለፉ። ካድሬው ተቀይሮ ሌላ መጣ፣ እሱም ተቀየረ። ቤቱ በደብተሩ ይመራ ነበር፤ ሰው ሲጠፋበት ገጹን እያሳየሁ «እንዲህ ይላል» እላለሁ። የሊቀ መንበሩን ሰሃን አስቀምጣለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ቀና አደርጋለሁ። ጓንት አጠለቅሁ። እኔም ቢጫ አደረግሁት።

በመጨረሻው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ሊቀ መንበሩ ለጥቂት ቀን ሊያርፍ ይችላል፣ ተዘጋጁ ተባልን። ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ማን ሊያርፍ እንደሚመጣ አልገባኝም፤ ግን ሰሃኑን ቀና አደረግሁ። ሳምንቱን ሁሉ ቀና ብሎ ዋለ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከወጥ ቤቱ ሬዲዮ ሰማን፤ ሊቀ መንበሩ አገር ጥሎ ወጥቷል።

ወጥ ቤቷ ማማሰያዋን እንደያዘች ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ። ሰሃኑ በመካከላችን ቀና ብሎ ተቀምጧል።

«ምን እናድርገው? ይገልበጥ ወይስ ይነሳ?»

አልሞተም፣ አይነሳም። አይመለስም፣ አይገለበጥም። ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁ። የራሴ ጽሕፈት፣ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ያ ሁሉ ዓመት አልፎት ያልደበዘዘ። ባለቤቱ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ሲርቅ፣ ባለቤቱ ሲሞት። ከዚያ አራቱ መስመሮች። ቅጠሉን ገለበጥኩ፤ ባዶ ነው። ሌላውን ገለበጥኩ። እስከ ሽፋኑ ድረስ ማኅተም ብቻ ነው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንዴት ምንም አይልም? አንተ አይደለህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

ማማሰያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «እሳቸው ቢኖሩ ያውቁት ነበር» ብላ ወጣች። ክፋት አስባ አይደለም የተናገረችው።

ሰሃኑን እንዳለ ተውኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ወደ መኝታ ቤቱ ገባሁና የሐይቁን መስኮት ከፈትኩ። ከነገሩኝ ሁሉ አንድም ቀን ሳላጓድል የፈጸምኩት እሱን ብቻ ነው።